ከዓሣ ነባሪው ገበታ ማን እንዳበላኝ

የጉትሂን መንደር ፖሊስ ጽሕፈት ቤት

የምስክሩ ስም፦ ሆሬስ ካስኮ
ዕድሜ፦ 81
አድራሻ፦ ጉትሂን፣ ደቡብ ምሥራቅ አላስካ፣ ከጀልባ ማቆሚያው በላይ ያለው አረንጓዴ ቤት
ሥራ፦ ዓሣ አጥማጅ (ጡረተኛ ተብሎ እንዳይጻፍ ምስክሩ ጠይቀዋል)
የትዳር ሁኔታ፦ ባለቤታቸው የሞቱባቸው
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፣ ጠዋት
ቃሉን የጻፈው፦ ኦፊሰር ብሬት ሊንድኲስት
ጉዳዩ፦ ሙዚየም ይዞት በቆየ የእንጨት ገበታ ላይ ደረሰ ስለተባለው ጉዳት
ተጠርጣሪ፦ ደልበርት ሃውል

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ሆሬስ ካስኮ፣ ዛሬ ጠዋት ኦፊሰሩ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለምስክርነት ስለጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቻለሁ። በመኪና ልውሰድዎ ቢለኝ እምቢ ብያለሁ። ወንጀል ያልሠራ ሰው በዚህ መንደር በፖሊስ መኪና አይታይም። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቀስ ብዬ አነባለሁ። ስለዚህ የተናገርኩትን እንዳለ እንዲጽፍ፣ መጨረሻ ላይም ራሴ እንደማነበው፣ የጎደለ ካገኘሁ እንደማልፈርም አስቀድሜ ነግሬው ተስማምቷል።

ተጠርጣሪውን ያውቁታል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አውቀዋለሁ። የሟች ባለቤቴ የዊኒፍሬድ ታናሽ ወንድም ነው። የቤታቸውም፣ ማለት የዘራቸው፣ አለቃ እሱ ነው። በመካከላችሁ ቅራኔ አለ ወይ ስባል፣ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ስንሰዳደብ ኖረናል። እሱ እኔን «አንተ የቁራ ላባ» ይለኛል፤ እኔም «የንስር ጫጩት፣ ክንፍህ መች ይሆን የሚደርቀው» እለዋለሁ። በእኛ ዘንድ ይህ የአማችነት ወግ ነው። አማቾች መሰዳደብ ሲያቆሙ ያኔ ነው ሰው የሚጨነቀው። ኦፊሰሩ «ቅራኔ የላቸውም» ብሎ ብቻ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ ሁሉም እንዲጻፍ አድርጌያለሁ።

ስለ ገበታው ስጠየቅ፣ ርዝመቱ የአንድ ልጅ ቁመት ያህላል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የጎደጎደ የምግብ ዕቃ ሲሆን ቅርጹ ዓሣ ነባሪ ነው፤ ራሱ በአንደኛው ጫፍ፣ ጅራቱ በሌላው። ጠርዙን ዙሪያውን የባሕር ቀንድ አውጣ ክዳን እንደ ጥርስ ተሰክቶበታል። የዊኒ ቤት ገበታ ነው። የዊኒ ነው አላልኩም፣ የደልበርትም ነው አላልኩም። የቤታቸው ነው፤ የሞቱትም ያልተወለዱትም አሉበት። ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ ሊሸጠው አይችልም። ሙዚየሙ ገና አባቴ ልጅ ሳለ ገዝቼዋለሁ ይላል። ከማን ሲባል የአንድ ሰው ስም ይጠራል። የዚህን መንደር የቤተ ክርስቲያን ደወል እኔ ብሸጥልህና ብትገዛው ደወሉ ያንተ ይሆናል ወይ ብዬ ኦፊሰሩን ጠይቄዋለሁ። «እዚህ ጠያቂው እኔ ነኝ» ብሎኛል። መልስ ያጣ ሰው እንዲህ ይላል።

ገበታውን ከዚህ በፊት አይተውት ያውቃሉ ወይ ስባል፣ አይቻለሁ። ዊኒ ጤና ሳለች በስተደቡብ ወዳለው ከተማ ወርደን ሙዚየሙ ውስጥ አብረን አይተነዋል። በመስታወት ተዘግቶ ከላይ መብራት ይወርድበት ነበር። ከሆዱ ሥር በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፈውበታል። የሰው ቤት ገበታ ላይ እንደ በግ ምልክት። የቤቱ ስም ግን የትም አልተጻፈም። በአጠገቡ የቀንድ ማንኪያዎች በክር ተሰቅለው ነበር፤ ዊኒ አይታ «ልብስ አጥበው ያሰጡ ይመስላሉ» ብላለች። ገበታው ያልበዋል። ስንት ትውልድ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ስብ የተነጠረ ዘይት የጠጣ እንጨት ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። ጠባቂው በኩራት «አይጨነቁ፣ በየጊዜው ይጠረጋል» አለን። ዊኒም «ምን አብልታችሁት ነው የምትጠርጉት?» አለችው። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በመርከብ ስንመለስ «ሆሬስ፣ ርቦታል» አለችኝ። እቤት እንደገባን ደልበርትን አስጠርታ፣ የሙት ዓመቴ ሲደርስ የሆሬስን ወገኖች ከእሱ አብላልኝ ብላ በእኔ ፊት አዝዛዋለች።

ዊኒ ያለፈው ዓመት በኦክቶበር ወር አረፈች። እዚህ ላይ ኦፊሰሩ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ስለሆነ ላስረዳው ግድ ሆኗል። በእኛ ዘንድ ሬሳ የሚያጥበውም መቃብር የሚቆፍረውም የሟች ወገን አይደለም። እሷ ከንስር ወገን ናት፣ እኔ ከቁራ። ስለዚህ ያጠብናትም የቀበርናትም እኛ ቁራዎች ነን። ዓመት ሲሞላ ደግሞ የእሷ ቤት ይደግስና የቀበሯትን ያበላል። ያን ጊዜ ሐዘኑ ይዘጋል፣ እሷም መንገዷን ትሄዳለች። ካልተበላ ግን አይዘጋም። እንግዳ ራሱ አንስቶ አይበላም። የቤቱ ሰው በእጁ አንስቶ ካልሰጠው በቀር የበላው የተሰረቀ ምግብ ነው። ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው ቢለኝ፣ ጉዳዩ እሱ ራሱ ነው ብዬዋለሁ።

ደልበርት ገበታው ለዘለቄታው እንዲመለስ ለሙዚየሙ ካመለከተ ቆይቷል፤ በመጪው ክረምት ይወሰናል ተብሏል። ለተዝካሩ ቀን ብቻ በውሰት ይሰጠን ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ፈቀዱለት። የራሱን ቤት ገበታ ተዋሰ ማለት ነው። ፈርም ሲሉት ፈረመ። በወረቀቱ ላይ ያለ ጓንት እንዳይነካ፣ ዙሪያውን ከሚታጠረው ገመድ ውስጥ እንዳይወጣ፣ ምግብም ሆነ ፈሳሽ እንዳይገባበት ይላል። ገበታ ሆኖ ምግብ እንዳይገባበት። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ጀልባ ተውሰህ ውኃ አታስነካው እንደማለት ነው።

ገበታውን ይዛ የመጣችው ሃሪየት ቮስ የምትባል የሙዚየሙ ሠራተኛ ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመርከብ ደረሰች። ሣጥኑን ከመርከቡ ያወረድነው እኔና የደልበርት ልጆች ነን። ከሙዚየም ወደ ሌላ መንደር የተመለሰ ባርኔጣ ለብል ተብሎ መርዝ ተረጭቶበት እንደተገኘ ሰምቼ ስለነበር፣ ይህስ መርዝ አለበት ወይ ብዬ እዚያው ጠየቅኋት። «የለበትም አባባ፣ አስመርምረነዋል፣ ንጹሕ ነው» አለችኝ። ታዲያ ምግብ ቢገባበት ምን ይሆናል ብላት፣ «ደንቡ ነው» አለች። ክፉ ሰው አትመስልም። ደንብ ያሳደጋት ትመስላለች።

ቅዳሜ ኦክቶበር 12 ቀን ከሰዓት በኋላ በመንደሩ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ንስሮቹ ባለቤቶች በበሩ በኩል፣ እኛ ቁራዎች እንግዶች በውስጥ በኩል ተቀመጥን። እኔ ባሏም ስለሆንኩ፣ ከቀባሪዎቿም በዕድሜ ታላቅ ስለሆንኩ በመጀመሪያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ወይዘሪት ቮስን በእኛ በኩል አስቀመጧት። ከባለቤቶቹ ወገን አይደለችም፤ በእኛ አዳራሽ ደግሞ መሃል የሚባል ወንበር የለም። ዘፈኑ ተዘፍኖ፣ የሐዘኑ ንግግር ተነግሮ አለቀ። የምግቡ ሰዓት ሲደርስ ደልበርትና የሌላዋ እህቱ ሁለት ልጆች ነጭ ጓንት አጥልቀው ገበታውን ከነጠረጴዛው አምጥተው ከፊቴ አቆሙት። ዙሪያውን ቀይ ገመድ ታስሯል። ውስጡ ባዶ ነው። ምግቡ በጎን በኩል በወረቀት ሳህን ተደርድሯል።

ከኋላዬ ከወገኖቼ አንዱ «ዓሣ ነባሪው ጾመኛ ነው እንዴ?» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ደልበርት ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አማቼ፣ ዛሬ በዓይንህ ብላልኝ። ክረምት ላይ ሲመለስ በእጅህ ትበላለህ» አለኝ።

እኔም ተቆጥቻለሁ፤ አልክድም። ድምፄን ከፍ አድርጌ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ፦ «እህትህን በዓይኔ ነው እንዴ የቀበርኳት? መሬቱ ድንጋይ ነበር፣ ወንድሞቼ በዶማ ነው የቆፈሩት። ባዶ ገበታ የሚቀርበው ለጠላት ነው። እኔ ምን አድርጌህ ነው?» ከንስሮቹ በኩል ሴቶቹ ራሳቸውን አቀረቀሩ። አፍረው ነው። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ገበታቸው እንዲያፍሩ ያደረጋቸው ማን እንደሆነ ኦፊሰሩ ይመርምር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ተብዬ ስጠየቅ፣ ደልበርት ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከተተው። ወይዘሪት ቮስ ተነስታ «አቶ ደልበርት፣ እባክዎ፣ ክረምት ላይ የሚወሰነውን ያስቡ» አለችው። እሱም «ሳስብ ነው የቆየሁት። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ አልፈረመችም» አላት። ገመዱን ፈታው። ልጄን ሎሬይንን ጠራትና ዘይቱን አምጪ አላት። ሎሬይን የእናቷ ወገን ስለሆነች በባለቤቶቹ በኩል ነበረች። ያመጣችው ዊኒ ራሷ ከመታመሟ በፊት ያነጠረችውን የመጨረሻ ማሰሮ የአቆስጣ ዘይት ነው፤ በማቀዝቀዣ አስቀምጣው ኖሯል። እኔ አላውቅም ነበር።

ዘይቱን ገበታው ውስጥ ያፈሰሰው ማን ነው ተብዬ በግልጽ ተጠይቄያለሁ። ያፈሰሰው ደልበርት ሃውል ነው። በራሱ እጅ። የደረቀ ሳልመን ዓሣ ቆርሶ የጨመረበትም እሱ ነው። ከዚያም የቁራ ስሜን ጠርቶ በቀንድ ማንኪያ አንስቶ ሰጠኝ። ስሙን እዚህ አልናገርም፤ ለፖሊስ ወረቀት የተሰጠኝ ስም አይደለም። እኔ ወዲያው አልበላሁም። እሱም ቀስ ብሎ «ብላ እንጂ አንተ የቁራ ላባ፣ እህቴ ቆማ እየጠበቀች ነው» አለኝ። በላሁ።

ኦፊሰሩ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጦ የነገረኝንም ይጻፍ ብያለሁ። «አቶ ሆሬስ፣ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ ካሉ ጉዳዩ ዛሬውኑ ያልቃል። በእርስዎ ዕድሜ ያለን ሰው ማንም ፍርድ ቤት አያቆምም» ብሎኛል። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትናንት እሑድ ልጄም እግሬ ሥር ተቀምጣ ይህንኑ ለምናኛለች። «አባዬ፣ እኔ ነኝ በላቸው። አጎቴ ከተከሰሰ ውል አፍርሷል ብለው ገበታውን አይመልሱትም። አንተን ግን ምን ያደርጉሃል?» አለችኝ። እኔም «እናትሽን በተሰረቀ ምግብ ልሸኛት?» አልኳት። ከእግሬ ሥር ተነሳች። ያወቀችው ይመስለኛል።

እኔ አፈሰስኩ፣ እኔ አንስቼ በላሁ ካልኩ፣ በእኛ ዘንድ ዊኒ አልተሸኘችም ማለት ነው። ባሏ ከቤቷ ገበታ ሰርቆ በላ፣ ወንድሟም እያየ ዝም አለ፣ ወገኖቿም እንግዶቻቸውን አላበሉም ይባላል። ይህን ለማለት አፍ የለኝም። ደልበርትም እኔ ስለ እሱ እንድዋሽ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ያኔ ቅራኔ ይኖረን ነበር። ስለዚህ አበላኝ ስል እየከሰስኩት አይደለም፤ ሥራውን እየመሰከርኩለት ነው። በእናንተ ወረቀት ያ ወንጀል ከሆነ፣ የተበላሸው ወረቀታችሁ ነው።

ሌላ ማን በላ ተብዬ ስጠየቅ፣ የቁራ ወገን የሆነ ሁሉ በልቷል። ደልበርትና የእህቱ ልጆች ገበታውን ተሸክመው በየሰዉ ፊት እያቆሙ አብልተዋል። ወይዘሪት ቮስ ጋም ደርሰዋል። ቢያልፏት ስድብ ነው፤ በእንግዳ ወንበር ላይ ናታ። ደልበርት ማንኪያውን ዘርግቶ ቆመ። እሷ «እኔ አልችልም» አለች። እኔም ከወንበሬ ሆኜ «ልጄ፣ ጠግቤአለሁ ማለት ትችያለሽ። አልበላም ካልሽ ግን ይህን ሁሉ ቤት ሰደብሽ» አልኳት። ገበታውን ስታየው ቆየች። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ሆና «የምጠርገው እኮ እኔ ነኝ» አለች። ሰምቻታለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ዘረጋች። ደልበርት በዘይት የራሰ ሳልመን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። በላች። ጣቷ ላይ የቀረውንም ዘይት ላሰችው። ከዚያ እንደ ሁላችንም «ጉናልቺሽ» ብላ አመሰገነችው።

ኦፊሰሩ ይህ ለምን እንደሚጻፍ ጠይቆኛል። ሰው የሚያመሰግነው ባለቤቱን ነው። ከአንድ ቤት ገበታ በልቶ ባለቤቱን አመስግኖ፣ በማግስቱ ተነስቶ ገበታው የእኔ ነው የሚል ሰው በእኛ አገር የለም። እንግዳ የሚጠራው ሆድ እንዲሞላ ብቻ አይደለም፤ ይህ ቤት የማን እንደሆነ፣ ገበታው የማን እንደሆነ የበላው ሁሉ እንዲመሰክር ነው። ሙዚየሙ ወኪሌ ብሎ የላካት ሴት በልታ መስክራለች። እሷ እዚያ የቆመችው በሙዚየሙ ስም ከሆነ፣ የበላችውም በሙዚየሙ ስም ነው።

ክሱን ያቀረቡት ግን አለቃዋ ናቸው። አንድ ሰው በስልኩ የቀረጸውን አይተው እሑድ ጠዋት ደውለው አመለከቱ፤ ቀጥለውም በጽሑፍ ላኩ። ኦፊሰሩ ሲያነብልኝ «በዕቃው ውስጥ ምግብ ሲጨመር ወኪላችን ተመልክታለች» ይላል። ተመልክታለች። መብላቷ የለበትም። እኛ የበላነው ጉዳት ተብሎ ተጽፎ የእሷ ተዘሎ ከቀረ፣ ይህ ምን ዓይነት ሕግ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ደልበርት የሚከሰስ ከሆነ ያበላቸው ሰዎች ስም ሁሉ ይጻፍ፤ የእሷም ከእኛ ጋር ይጻፍ።

በገበታው ላይ የደረሰ ጉዳት አይተዋል ወይ ስባል፣ አላየሁም። ከተበላ በኋላ ሴቶቹ በሞቀ ውኃ አጥበው በጨርቅ አደረቁት። ነጫጮቹ ጥርሶች ሁሉ በቦታቸው ናቸው። እንጨቱ ጠቆር ብሏል። ይህ ጉዳት ከተባለ፣ ረሃብ የወጣለት ሰው ፊቱ ወዝ ሲያገኝ ተጎዳ ይባላል ወይ? አሁን ገበታው ያለው በዚህ ጣቢያ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ማስረጃ የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሳልፍ በበሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ከመስታወት አውጥተው እስር ቤት አስገብተውታል።

የምጨምረው ነገር እንዳለ ስጠየቅ፣ አለ። ወደዚህ ክፍል ስገባ ወይዘሪት ቮስ በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋዋለች። ስታየኝ ተነሳችልኝ። «በልተሻል አይደል?» አልኳት። «በልቻለሁ አባባ» አለች። «ታዲያ ትናንት ቃልሽን ስትሰጪ ለምን አልነገርሻቸውም?» ብላት፣ «ከሥራ ያስወጡኛል» አለችኝ። እኔም ሥራዋን ልሰጣት አልችልም። አልተቆጣኋትም። «እኔን ደልበርት አብልቶኛል፣ ይህንኑ ልናገር ነው የምገባው» ብያት ገባሁ። እዚያው እንደተቀመጠች ትሁን አትሁን አላውቅም፤ በሩ ዝግ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አንብቤዋለሁ። «የሙዚየሙ ንብረት» የሚል ቃል ባገኘሁበት ሁሉ አልፈርምም ብዬ አሰርዤ «ሙዚየሙ ይዞት የቆየ» አስብያለሁ፤ ኦፊሰሩም በእያንዳንዱ ስርዝ ላይ ፈርሟል። የቀረው የእኔ ቃል ነው። እውነት ነው። ያስገደደኝ የለም፤ የለመኑኝም አልሆነላቸውም። የትም ፍርድ ቤት ቢጠሩኝ የምደግመው ይህንኑ ነው፦ ባለቤቴ ተሸኝታለች፣ እኔም በገበታዋ ከወንድሟ እጅ በልቻለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሆሬስ ካስኮ (ሙሉ ስማቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈዋል)
ቃሉን የተቀበለው ሰው ፊርማ፦ ኦፊሰር ብ. ሊንድኲስት

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ምስክሩ እንደወጡ፣ በመጀመሪያ ቃሏ ላይ ያልተመዘገበ ነገር አለኝ በማለት በራሷ ጥያቄ ሃሪየት ቮስ ወደ ክፍሉ ገብታለች።